ፊልሙን አቁሙትና ተነጋገሩ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ፊልምን ለሥራ ቦታ ሥልጠና ስለ መጠቀም ከሰሜን ሸዋ የደረሱንን ጥያቄዎች በዚህ ዕትም አንድ ላይ መልሰናል። ጠያቂዎቹ የተለያየ ሥራ ላይ ያሉ ናቸው፤ የቸገራቸው ነገር ግን ይመሳሰላል። ሰው በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ የሚያየውን እያየ፣ በይሉኝታም በፍርሃትም አይናገረውም። ፊልም የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ስለ ማያውቁት ሰው ማውራት ስለ አለቃ እንደ ማውራት አያስፈራም።

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሥልጠና ባለሙያ ነኝ። ለፈረቃ ኃላፊዎችና ለፎርማኖች ስለ ተግባቦት ሳሠለጥን የሁለት ሰዓት ፊልም አሳየኋቸው። በጣም ወደዱት። «ምን ተማራችሁ?» ስላቸው ግን «መከባበር ጥሩ ነው»፣ «አንድነት ኃይል ነው» ብለው ተበተኑ። ጥፋቱ የፊልሙ ነው ወይስ የአቀራረቤ?

መልስ፦ የአቀራረቡ ነው፤ ደግሞም በቀላሉ ይስተካከላል። ሁለት ነገር ተደራርቦብዎታል። አንዱ ርዝመቱ ነው። ሰው ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲያይ የሚከተለው ታሪኩን ነው፤ ማን ለማን ምን እንዳለ፣ ማን ማንን አይቶ ዝም እንዳለ አያስተውልም። ለአንድ ሥልጠና ከ5 እስከ 8 ደቂቃ የሚሆን አንድ ትዕይንት ይበቃል። ሁለተኛው ጥያቄው ነው። «ምን ተማራችሁ?» የተባለ ሰው ምክር የተጠየቀ ስለሚመስለው ምክር ይሰጥዎታል። መጀመሪያ የሚጠየቀው የታየው ነገር ነው። ማን ተናገረ? ለማን? ምን አለ? የተነገረውስ ሰው ምን መለሰ ወይም ምን አደረገ? «ልክ ነው፣ ልክ አይደለም» የሚለው ከዚህ በኋላ ይምጣ።

ለፋብሪካ ሰው የምንመርጠው የቻርሊ ቻፕሊን «ሞደርን ታይምስ» (እ.ኤ.አ. 1936) መጀመሪያ ላይ ያለውን የፋብሪካ ክፍል ነው። ፊልሙ ንግግር የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ትርጉም አያስቸግርዎትም፣ እንግሊዝኛ የሚያውቀውና የማያውቀውም እኩል ይቀመጣል። ከዚህ የሚበልጠው ጥቅም ግን ሌላ ነው። በፋብሪካው ውስጥ የሰው ድምፅ የሚሰማው በመሣሪያ በኩል ብቻ ነው። ሥራ አስኪያጁ በግድግዳ ላይ ባለ ትልቅ መስኮት ብቅ እያለ «ፍጥነት ጨምር» ይላል። ሠራተኛው መጸዳጃ ቤት ገብቶ ትንሽ ሲያርፍ እንኳ እዚያው ግድግዳ ላይ ታይቶ ወደ ሥራህ ተመለስ ይለዋል። ለምሳ ሰዓት የመጣውን የማጉረሻ ማሽን የሚያስተዋውቀውም በሸክላ የተቀዳ ድምፅ ነው። ማሽኑ የሚሞከርበት ሠራተኛ አንድ ጊዜም አልተጠየቀም።

አንድ ቦታ ላይ ፊልሙን እንዲያቆሙት እንለምንዎታለን። ሠራተኛው ብብቱን ሲያክ ሁለት ብሎን ያመልጠዋል፤ ለመድረስ ሲሮጥ ቀጥሎ ያለውን ሰው ይገፋል፤ ጎን ለጎን የቆሙት ሰዎች ይጣላሉ። አቁሙና «ጠቡ በማንና በማን መካከል ነው? ፍጥነቱን የጨመረውስ ማን ነው?» ብለው ይጠይቁ። ትእዛዙን የሰጠው ሰው ጠቡ ውስጥ የለም። ፎርማኖች ይህን ሲያዩ ስለ ራሳቸው ፈረቃ ለማውራት ሌላ ግፊት አያስፈልጋቸውም።

ጊዜውን እንዲህ ይመድቡ፤ ጠቅላላው 90 ደቂቃ፣ ተሳታፊዎች ከ12 እስከ 16። በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች አራት ዓምድ ያለው ወረቀት (ተናጋሪ፣ ተቀባይ፣ የተባለው፣ የተመለሰው) አድለው ሥራውን ያስረዱ። ትዕይንቱን 8 ደቂቃ አሳይተው 5 ደቂቃ ሁሉም ብቻውን ዝም ብሎ ይጻፍ። ይህን ዝምታ አይዝለሉት፤ ከተዘለለ ቀድሞ የተናገረው ሰው የሁሉንም አስተያየት ይወስነዋል። ከዚያ ትዕይንቱን ይድገሙት። በመጀመሪያው ያመለጠው ነገር ብዙ ስለሆነ ድጋሚው ጊዜ ማባከን አይደለም። 12 ደቂቃ ሁለት ሁለት ሆነው ወረቀታቸውን ያስተያዩ፤ 20 ደቂቃ በጋራ ይወያዩ። የቀረው 27 ደቂቃ የራሳችሁ ፋብሪካ ነው። ንግግር የበዛበት ሌላ ፊልም ከመረጡ ደግሞ የመጀመሪያውን ዙር ድምፁን ዘግተው ያሳዩ። ቃሉ ሲጠፋ ዓይን፣ እጅና የአቀማመጥ ቅደም ተከተል ይጎላል።

በመጨረሻው 27 ደቂቃ የሚጠየቀው ጠባብ ይሁን። የምርት ዓይነት ወይም ፍጥነት እንዲቀየር ትእዛዝ ሲመጣ በማን በኩል ይደርሳል? ማሽን ላይ የቆመችው ልጅ «በዚህ ፍጥነት ክሩ እየተበጠሰ ነው» ማለት ብትፈልግ ለማን ትናገራለች? በስንት ደቂቃስ መልስ ታገኛለች? ከውይይቱ አንድ ለውጥ ብቻ ይዛችሁ ውጡ፤ ለምሳሌ በፈረቃ መቀያየሪያ ላይ የሚሞላ ባለ ሦስት መስመር ደብተር ይሁን። ለሁለት ሳምንት ይሞከርና ይታይ። አምስትና ስድስት ውሳኔ የተጻፈበት ቃለ ጉባኤ አንዱም ሳይፈጸም ይቀራል።

ስለ አለቃም አንድ ነገር እንጨምር። የምርት ኃላፊው ከተገኙ ከዋዜማው ያነጋግሯቸውና መጨረሻ ላይ እንዲናገሩ ቃል ያስገቧቸው። እሳቸው ቀድመው «እኔ እንደ ተረዳሁት…» ካሉ የሌላው ወረቀት ይታጠፋል። ትዕይንቱ ላይ ያለው ክፉ አለቃ ደግሞ ሁሉም የሚያውቁትን ሰው ቁርጥ የሚመስል ከሆነ ሌላ ይፈልጉ። ሰዉ ይስቃል፣ ወደ አንድ ወንበር ይዞራል፤ ሰውየው ይጎዳል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ቁም ነገር አያወራም።

ጥያቄ፦ መሐል ሜዳ በሚገኝ ጤና ጣቢያ የነርሶች አስተባባሪ ነኝ። በተረኛ ርክክብ ላይ መረጃ ይጠፋብናል። «ነግሬሻለሁ»፣ «አልነገርሽኝም» የየቀኑ ነው። ፊልም ይረዳናል?

መልስ፦ ይረዳል፤ ግን ፊልሙን አይታችሁ ወዲያው በእጃችሁ የምትሠሩት ነገር ካለ ነው። «አፖሎ 13» (እ.ኤ.አ. 1995) በ1970 እ.ኤ.አ. ወደ ጨረቃ ሲጓዝ ስለ ተበላሸው መንኮራኩር የሚያሳይ ፊልም ነው። ለእናንተ የሚሆነው የአየር ማጣሪያው ትዕይንት ነው። የአንዱ ክፍል ማጣሪያ አራት ማዕዘን፣ የሌላው መግቢያ ክብ ሆኖ አልገጥም ይላል፤ የሚተነፍሱት አየርም እየተበከለ ነው። በምድር ያሉት መሐንዲሶች መንኮራኩሩ ውስጥ ያለውን ዕቃ ዓይነት ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግፈው መላ ያበጃሉ። ከዚያ ያ ሁሉ ሥራ ያለ ሥዕል፣ በሬዲዮ ድምፅ ብቻ ለተጓዦቹ መድረስ አለበት።

ሁለት ነገር ተመልከቱ። የሚያነበው ሰው አንድ እርምጃ ተናግሮ እስኪሠራ ይጠብቃል። ላይ ያሉትም የላስቲክ ከረጢቱ ሲቀደድባቸው ወዲያው ይናገራሉ፤ የሚቆጣቸው የለም፤ «ሌላ አንድ ይኖራችኋል» ተብሎ ሥራው ይቀጥላል። ስህተት ወዲያው የሚነገረው መናገሩ የማያስቀጣ ሲሆን ነው። በርክክብ የሚጠፋው አብዛኛው መረጃም ተረስቶ ብቻ ሳይሆን «ለምን ሳትሰጪ ቀረሽ?» እንዳይባል ተሸፋፍኖ የሚቀር ነው።

ከዚያ መልመጃው ይከተላል። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ጀርባ ለጀርባ ተቀመጡ። ለእያንዳንዱ ተመሳሳይ ካርቶን፣ ፕላስተር፣ ክርና የላስቲክ ከረጢት ስጡ። አንዷ ከወረቀት ሰባት እርምጃ ታነባለች፣ ሌላዋ ትሠራለች። በመጀመሪያው ዙር ሠሪዋ ምንም አትናገርም። በሁለተኛው ዙር ግን እያንዳንዱን እርምጃ ከመሥራቷ በፊት በራሷ አፍ መልሳ ትናገራለች፤ አንባቢዋም «አዎ» ወይም «አይደለም» ትላለች። ሁለቱን ሥራ ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ ልዩነቱ ራሱ ይናገራል።

ያንኑ ልማድ ወደ ርክክቡ አምጡት። ለእያንዳንዱ ታካሚ የሚነገሩት አምስት ናቸው፦ ስምና አልጋ፣ የገባበት ምክንያት፣ ያሁኑ ሁኔታ፣ የተሰጠው መድኃኒት ከነመጠኑና ከነሰዓቱ፣ ቀጥሎ የሚደረገው። ተቀባይዋ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን መልሳ ሳትናገር ርክክቡ አልተፈጸመም። ሰዓቱን በሚመለከት ጥብቅ ሁኑ። ካርድ ላይ «2:00» ተብሎ የተጻፈውን አንዷ የፈረንጅ አቆጣጠር መስሏት በእኛ የሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ሌላዋ በእኛ አቆጣጠር የጠዋቱ 2 ሰዓት ብላ ካነበበችው የስድስት ሰዓት ልዩነት ነው፤ በየስድስት ሰዓቱ የሚሰጥ መድኃኒት ከሆነ አንድ ሙሉ መጠን ይዘለላል ወይም ይደገማል። አንዱን አቆጣጠር ምረጡና ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

ጥያቄ፦ በእነዋሪ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሥራ አመራር ውስጥ ነኝ። በጠቅላላ ጉባኤ የሚናገሩት ሁልጊዜ እነዚያው ናቸው። ሴቶችና ወጣቶች እጅ ያወጣሉ እንጂ ቃል አይወጣቸውም። እንግሊዝኛ የሚሰማ የለም፣ መብራትም ይጠፋል። እንዲህም ሆኖ ፊልም ዋጋ አለው?

መልስ፦ አለው። ለእናንተ የምንመክረው ትዕይንት ድምፅም አያስፈልገውም። «ቱዌልቭ አንግሪ ሜን» (እ.ኤ.አ. 1957፣ 96 ደቂቃ) አሥራ ሁለት ሰዎች በአንድ ክፍል ተቀምጠው አንድ ወጣት በነፍስ ግድያ ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ የሚወስኑበት ፊልም ነው። በአሜሪካ ሕግ ሁሉም መስማማት አለባቸው። ገና እንደ ተቀመጡ ሰብሳቢው «ጥፋተኛ ነው የምትሉ እጅ አውጡ» ይላል፤ 11 እጅ ይወጣል፣ አንዱ ይቀራል።

አስቀድማችሁ ታሪኩን በሁለት ደቂቃ በአማርኛ ንገሩ። ከዚያ ያንን የድምፅ አሰጣጥ ብቻ፣ ድምፁን ዘግታችሁ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ አሳዩ። ሰዉ እጆቹን ይመልከት። ወዲያው ቀጥ ብለው የሚወጡ አሉ። ሌሎቹ ግራ ቀኝ ካዩ በኋላ ቀስ ብለው ከፍ ይላሉ። «እነዚህ በኋላ የወጡት እጆች ምን እያሉ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የእናንተን ጉባኤ የሚያውቅ ሰው ሁሉ መልሱን ያውቀዋል።

ለብቻው የቀረውን ሰው ግን እንደ ጀግና አታቅርቡት። እሱ «ልጁ ንጹሕ ነው» አላለም፤ አላውቅም፣ እንነጋገርበት ነው ያለው። ትንሽ ቆይቶም በምስጢር በወረቀት እንደገና ድምፅ ይሰጥ፣ እኔ አልመርጥም፣ አሥራ አንዳችሁም ጥፋተኛ ካላችሁ እስማማለሁ ይላል። ወረቀቱ ሲቆጠር አንድ ሰው ሐሳቡን ቀይሯል። ሰዎቹ ያው ሰዎች፣ ጉዳዩም ያው ጉዳይ ነው፤ የተለወጠው የድምፅ አሰጣጡ ነው። ለማኅበራችሁ የሚጠቅመው ትልቁ ነገር ይህ ይመስለናል። ሴቶች «ደፋር ሁኑ» እየተባሉ ከመመከር፣ ደፍረው ባይናገሩም ሐሳባቸው የሚገባበት መንገድ ይበጅላቸው።

«ይህ የፈረንጅ ነው፤ በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ሳይናገር ታናሽ አይናገርም» የሚል ይኖራል፤ ሐሳቡ መከበር አለበት። ሆኖም በእኛው አገር የዙፋን ችሎት ሥርዓት አስተያየት የሚሰጠው ከታችኛው ባለሥልጣን ጀምሮ ወደ ላይ ነበር፤ ንጉሡ የሚናገሩት መጨረሻ ላይ ነው። ትልቁ አስቀድሞ ከፈረደ የሚቃወመው ስለማይኖር፣ የታችኛው በነፃነት እንዲናገር የተበጀ ሥርዓት ነው። ሽማግሌዎቹን በዚህ አክብሩና ንግግሩ ከታናሽ ይጀምር፤ መቋጫው የእነሱ ይሁን። ለብድርና ለምርት ሽያጭ ዋጋ በወረቀት ድምፅ ስጡ። ማንበብ ለማይችሉ ሁለት ዓይነት እህል፣ ለምሳሌ ስንዴና ባቄላ፣ አንድ አንድ ፍሬ አድላችሁ በተሸፈነ ዕቃ ሰብስቡ።

መብራቱን በተመለከተ፦ መካከለኛ ፕሮጀክተር ከ200 እስከ 300 ዋት ይፈልጋል። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር-አወር ባትሪ ከኢንቨርተር ጋር፣ ግማሹን ኃይል ብቻ ብትጠቀሙ፣ ወደ ሁለት ሰዓት ያህል ያቆየዋል፤ ላፕቶፑ በራሱ ባትሪ ይሥራ። ባለ 43 ኢንች ቴሌቪዥን ከዚያ ያነሰ ኃይል ይወስዳል፤ ግን ከ25 ሰው በላይ ካለ እጆቹ ከኋላ ስለማይታዩ በቡድን እየከፈላችሁ አሳዩ። ቀን ከሆነ መስኮቱን በጥቁር ሸራ ጋርዱት፤ ነጭ አንሶላ በደንብ ከተወጠረ ስክሪን ይሆናል።

ጥያቄ፦ ደብረ ሲና በወረዳ ጽሕፈት ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ባለጉዳይ ከቢሮ ቢሮ ይንከራተታል። ይህን የሚያሳይ ፊልም ባሳይ ባልደረቦቼ እንደ ስድብ እንዳይቆጥሩት ሰጋሁ።

መልስ፦ ስጋትዎ ተገቢ ነው። የጃፓናዊው ዳይሬክተር የአኪራ ኩሮሳዋ «ኢኪሩ» (እ.ኤ.አ. 1952) ለዚህ ይሆናል። የሰፈር ሴቶች የሚሸት የቆሸሸ ውኃ ተጠርጎ የልጆች መጫወቻ እንዲሆንላቸው ማዘጋጃ ቤት ይመጣሉ። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ይላካሉ፤ ዞረው ዞረው የጀመሩበት መስኮት ላይ ይደርሳሉ። ካሜራው የቆመው በባለጉዳዮቹ ቦታ ስለሆነ ሹሞቹ የሚናገሩት ለተመልካቹ ነው። ልብ ይበሉ፤ እያንዳንዱ መልስ ለብቻው ሲታይ ትክክል ይመስላል። ጥፋቱ የአንድ ሰው አለመሆኑን ትዕይንቱ ራሱ ስለሚያሳይ ውይይቱን ከሰው ወደ ወረቀት መንገድ ማዞር ይቻላል። «ማን ነው እንዲህ የሚያደርገው?» ብለው አይጠይቁ።

ካሳዩ በኋላ የተዘጋ አንድ እውነተኛ መዝገብ፣ ስሙ ተሸፍኖ፣ ያቅርቡ። ለደረሰበት ጠረጴዛ ሁሉ አንድ ካርድ ግድግዳ ላይ ይለጥፉ፤ በካርዱ ላይ የገባበት ቀን፣ የወጣበት ቀን፣ ባለጉዳዩ የተባለው ነገር ይጻፍ። ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ክፍተት ባለጉዳዩ «ወዴት ሂድ» መባሉና «ምን ይዘህ ሂድ» አለመባሉ ነው። አንድ ማስረጃ ጎደለ ተብሎ ከገጠር ቀበሌ ሁለተኛ ጊዜ የሚመጣ ሰው የአንድ ቀን ሥራው ይቀራል። መጀመሪያው መስኮት ላይ የሁሉም ማስረጃ ዝርዝር በአንድ ወረቀት ቢሰጠው አብዛኛው ይቃለላል።

የፊልሙን ፍጻሜም ለሌላ ጊዜ ያቆዩት። በመጨረሻ መጫወቻውን ያሠራው የክፍል ኃላፊ ሲሞት ባልደረቦቹ ለቅሶው ላይ ጠጥተው «ከእንግዲህ እንደሱ እንሠራለን» ብለው ይምላሉ። ሥራ ላይ ሲመለሱ ግን አዲስ አቤቱታ ሲመጣ ያው «ወደዚያ ክፍል ሂዱ» ነው። ከወር በኋላ ይህን አሳይታችሁ ካርዶቹን እንደገና ለጥፉ።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት መምህር ነኝ። የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ራሴ ጽፌ ባያይዝ ይሆናል? ሕጉስ?

መልስ፦ ለአጭር ትዕይንት ይሆናል። ጽሑፉን በኤስአርቲ (የግርጌ ጽሑፍ) ፋይል፣ ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፊደል አቀማመጥ ያስቀምጡ፤ አለዚያ በፊደሉ ፋንታ ሳጥንና የጥያቄ ምልክት ይወጣል። የፋይሉ ስም ከፊልሙ ስም ጋር አንድ ይሁን፣ በአንድ ፎልደር ይቀመጡ። በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር አይብለጥ። ቪኤልሲ በተባለው የፊልም ማጫወቻ ፕሮግራም ላይ ጽሑፉ ከቀደመ ወይም ከዘገየ በ«ጂ» እና «ኤች» ቁልፎች ይስተካከላል። ሕጉን በተመለከተ፣ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፊልምን ይጠብቃል። ለማስተማር በልክ መጠቀም የሚስተናገድበት ድንጋጌ አለው፤ መግቢያ አስከፍሎ ማሳየትና ቅጂ ማሰራጨት ግን የባለመብቱን ፈቃድ ይጠይቃል።

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፌን በፊልም ውስጥ ስለሚታይ የድርጅት ተግባቦት ልሠራ ነው። አሥር ፊልም አስቤያለሁ።

መልስ፦ ሁለት ይበቃዎታል፤ አሥር ፊልም ላይ ላዩን ከማየት ሁለቱን ትዕይንት በትዕይንት መመርመር ይሻላል። ፊልም የጸሐፊና የዳይሬክተር ሥራ ስለሆነ «ድርጅቶች እንዲህ ይሠራሉ» ብለው በእሱ ማስረዳት አይችሉም፤ «ፊልሙ ተግባቦትን እንዲህ ያሳያል» ማለት ግን ይችላሉ። ትዕይንቱን የመለኪያ አሃድ አድርገው ለእያንዳንዱ የንግግሩን አቅጣጫ (ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ፣ ጎን ለጎን)፣ መንገዱን (በአካል፣ በጽሑፍ፣ በመሣሪያ) እና ምላሽ መኖር አለመኖሩን ይመዝግቡ። ጓደኛዎ የእርስዎን ምዝገባ ሳታይ ያንኑ ትሥራ። ከ40 ትዕይንት በ34ቱ ከተስማማችሁ 85 በመቶ ነው፤ በአጋጣሚ የመጣውን ስምምነት ለማስቀረት የኮኸን ካፓ የተባለውን የስምምነት መለኪያም ያስሉ። ያልተስማማችሁባቸውን ስድስቱን አይጣሉ፤ የምድቡ ትርጉም ግልጽ ያልሆነባቸው ቦታዎች እነዚያ ስለሆኑ የምዝገባ መመሪያውን አስተካክለው ሁሉንም እንደገና ይመዝግቡ።